ቀይ ቀበሮ ለምን አይበዛም? የዌብ ሸለቆ ጉዳይ

ባሌ ተራሮች ላይ፣ ሳነቴ አምባ ላይ ነን፣ ጠዋት። ፀሐይዋ ውርጩን ገና ማቅለጥ መጀመሯ ነው። ጃኬቴን እስከ አገጬ ዘግቼ ከመኪናው አጠገብ ቆሜያለሁ። ከመንገዱ ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ቀይ ቀበሮ መሬት ላይ ባለ ጉድጓድ ላይ አፍጥጧል። ከጉድጓዱ አፍ አልፎ አልፎ የፍልፈል ጭንቅላት ብቅ ይላል። ጓሮ የምናውቀው ፍልፈል አይደለም። የባሌው ግዙፍ ፍልፈል ነው፤ ከባሌ ሌላ የትም የለም፣ ትልልቁ ኪሎ ሊሞላ ይደርሳል። ዓይኖቹ አናቱ ላይ የተለጠፉ ይመስላሉ። ሣር ነጭቶ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ደግሞ ብቅ ይላል። ኋላው ከጉድጓዱ አይለይም። ቀበሮው ሆዱን መሬት አስነክቶ ሁለት እርምጃ ሄደ። ቆመ። ደግሞ ሁለት። ከዚያ ተወረወረ። ሳተ! አፍንጫው አፈር ለብሶ ቀና ሲል ሾፌራችን «ቁርሱ አመለጠው» ብሎ ሳቀ።

የዛሬው ጉዳይ ግማሹ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ነው ያለው። ሌላው ግማሽ ግን ከቀበሮውም ከፍልፈሉም ጋር አይገናኝም። እሱን ቆይቼ አመጣዋለሁ።

ጥያቄው እንዲህ ነው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የሚኖረው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ጎልማሶቹ ቢቆጠሩ 500 አይሞሉም፣ ከግማሽ በላዩ ደግሞ ያለው ባሌ ነው። ለሥጋው ብሎ የሚያድነው የለም፣ ቆዳውም ገበያ አይወጣም። ባሌ ላይ ምግቡ ከደጁ አይጠፋም። ታዲያ ለምን አይበዛም?

ብዙ ሰው «መሬቱን ሰው ወስዶበት ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ውሸት አይደለም። በአገራችን ከ3,200 ሜትር በላይ ካለው መሬት 60 በመቶ ያህሉ ታርሷል፤ ገብሱ በየዓመቱ ወደ ላይ እየወጣ ነው። ቀበሮው ደግሞ ከውርጭ አገር ወርዶ መኖር አይችልም። ጮቄ ላይ ጠፍቷል፣ ጎሽ ሜዳ ላይም ጠፍቷል። ግን ባሌ ዌብ ሸለቆ ላይ ማረሻ ሳይደርስ፣ ሣሩም ፍልፈሉም እንዳለ፣ ቀበሮው ከ4 ሦስቱ እጅ በጥቂት ወራት ውስጥ ያለቀበት ጊዜ አለ። ያውም ሁለት ጊዜ። ይህን የመሬት ጥበት ብቻውን አያስረዳውም።

መጀመሪያ ከምግቡ እንነሳ። ተመራማሪዎች ኩሱን እየለቀሙ ሲያጠኑ፣ ከሚበላቸው እንስሳት 96 በመቶ ያህሉ ፍልፈልና አይጥ ሆነው ተገኙ። አይጦቹ እዚያ ብርድ ላይ ቀን ነው የሚወጡት፤ ስለዚህ ቀበሮውም ቀን ነው የሚያድነው፣ ጎብኚም በቀላሉ የሚያየው ለዚህ ነው። የሚያድነው ብቻውን ነው። ብልጥ ነው ደግሞ። ከብት ሲሰማራ መንጋው መሐል ይገባና እንደ መጋረጃ ይከለልበታል። መንዝ ጓሳ ላይ ደግሞ ጭላዳዎች መሐል ገብቶ ሲያድን ታይቷል፤ እዚያ የተደረገ ጥናት እንዳገኘው ከጭላዳ ጋር ሲሆን ከሞከረው 67 በመቶ ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶ። ጭላዳዎቹም ግልገላቸውን እንደማይነካ አውቀው ዝም ይሉታል። ይሄ ከጉዳያችን ወጣ ይላል፣ ግን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልቻልኩም።

ያድናል ብቻውን፣ ይኖራል ግን በቤተሰብ። 6 ገደማ ጎልማሶች ያሉበት አንድ ቤተሰብ የራሱ ግዛት አለው። ንጋትና ምሽት ላይ ተሰብስበው ይላላሳሉ፣ ይላፋሉ፣ ከዚያ ድንበራቸውን በሽንት እያደሱ ይዞራሉ። ፍልፈል በሞላበት ሣር ላይ የአንድ ቤተሰብ ግዛት በአማካይ 6 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። አይጥ ሳሳ ባለበት ቦታ ከሁለት እጥፍ በላይ ይሰፋል። ካርታውን የሚሠራው ፍልፈሉ ነው ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ የቤተሰብ ሕግ ይጨመርበት። ከቤተሰቡ ሴቶች የምትወልደው አለቃዋ ብቻ ናት፤ ያውም በዓመት አንዴ፣ ከመስከረም መጨረሻ ወዲህ ብርዱ ሲጠና። ከ2 እስከ 6 ቡችላ ትጥላለች። ሌሎቹ ዋሻውን ይጠብቃሉ፣ አይጥ ይዘው ይመጣሉ፣ ሞግዚት ይሆናሉ። ወንዶቹ አድገውም ከቤት አይወጡም። ቤት የሚለቁት ሴቶቹ ናቸው፣ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ገደማ። የት ይሂዱ? ዙሪያው ሁሉ ተይዟል። አዲስ አበባ ቤት ኪራይ ፈልጎ የተንከራተተ ሰው ይህቺን ቀበሮ ይረዳታል። አንዲት አለቃ እስክትሞት ድረስ በድንበር ድንበር እየሄደች ትጠብቃለች።

ሥነ ምኅዳር የሚያጠኑ ሰዎች ለዚህ ስም አላቸው፤ የአካባቢው የመሸከም አቅም ይሉታል። ፍልፈሉ ይህን ያህል ከሆነ፣ ግዛቱ ይህን ያህል ከሆነ፣ ቤተሰቡ ይህን ያህል ነው። ቁጥሩ ጣሪያውን ሲነካ የሚወልድ ይቀንሳል፣ የሚሰደድ ይበዛል፣ ጭማሪው ይቆማል። ዌብ ሸለቆ በደህናው ጊዜ በካሬ ኪሎ ሜትር አንድ ጎልማሳ ቀበሮ ገደማ ይይዛል። ለሥጋ በል እንስሳ ይሄ እጅግ የታጨቀ ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ አይደለም ማለት ነው። ችግሩ ቀበሮው ጣሪያው ጋ ብዙ አለመቆየቱ ነው።

የዚህ ሐሳብ ሁለተኛ ፊት አለ። ቁጥሩ ድንገት ቢወርድ የተረፉት ይጠግባሉ፣ ባዶ ግዛት ይኖራል፣ ሁሉም ይወልዳል፣ እንግዲህ ጭማሪው ፈጣን የሚሆነው ቁጥሩ በጣም ዝቅ ሲል ነው። ትምህርት ቤት የተማርነው እንዲህ ነበር። ዌብ ላይ ይህ ሐሳብ ሳይታሰብ ተፈተነ።

ክላውዲዮ ሲሌሮ የሚባል አርጀንቲናዊ ተመራማሪ በ1988 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ባሌ ላይ ቀበሮዎቹን አንድ በአንድ እየለየ መከታተል ጀመረ። ስለዚህ መከራው ሲመጣ ማን እንደሞተ የሚያውቅ ሰው ነበር። ይሄ ትልቅ ዕድል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ እንስሳ ሲያልቅ ስንት እንደነበረ እንኳን የሚያውቅ አይገኝም። ከ1991 መጨረሻ እስከ 1992 መጀመሪያ የእብድ ውሻ በሽታ ሸለቆው ውስጥ ገባ። የሚታወቁት ቀበሮዎች ከ4 ሦስቱ እጅ ያህል ሞቱ ወይም ጠፉ። አገሪቱም ያን ጊዜ መንግሥት ተለውጦባት በግርግር ላይ ነበረች፤ ፓርኩም ከዘረፋ አልተረፈም።

በትምህርት ቤቱ ሐሳብ ከሄድን ቀጣዩ ዓመት የቡችላ ዓመት መሆን ነበረበት። አልሆነም። ቁጥሩ እዚያው ታች ለዓመታት ተኛ፣ ከዚያ ነው መነሳት የጀመረው። ፍልፈሉ ሞልቷል፣ ግዛቱ ባዶ ነው፣ ግን ቀበሮው አይጨምርም።

እኔን ከጉዳዩ ሁሉ የሚገርመኝ ይሄ ነው። ኋላ መረጃው ተሰብስቦ ሲታይ መልሱ ያው የቤተሰብ ሕጉ ውስጥ ተገኘ። የሚወልደው ቤተሰብ ነው። ወረርሽኙ ደግሞ ቤተሰብ ያፈርሳል። ከአንዱ ቤት ሁለት ወንድማማች ይተርፋሉ፣ ከሌላው አንዲት ሴት። ባዶ ግዛት መኖሩ አይበቃም፤ ሴቷ መጥታ ከወንዶቹ ጋር መላመድ፣ ድንበር ማስመር፣ ዋሻ መያዝ አለባት። ተጠራርተው የፈረሰውን ቤት እስኪያቆሙ ጊዜ ይሄዳል። ስለዚህ ቁጥሩ በጣም ዝቅ ሲል ጭማሪው ይፈጥናል የተባለው ተገልብጦ ዘገየ። ምግብ ያስቀመጠው ጣሪያ ላይ ወለሉም አስቸጋሪ ሆነ። አንዴ አዳዲስ ቤተሰቦች ከቆሙ በኋላ ግን ሸለቆው እንደገና ሞላ። እንስሳው ደካማ አይደለም። ጊዜ ነው የሚፈልገው።

ጊዜውን ማን ይሰጠዋል?

በ2003 ክረምት መጨረሻ ዌብ ላይ በድን መገኘት ጀመረ። በፈረስ እየዞሩ ቀበሮዎቹን የሚከታተሉት የአካባቢው ተወላጆች ናቸው፤ እያንዳንዷን በመልክ ያውቋታል። ትናንት የቆጠሯት ዛሬ ሣር ላይ ተዘርራ ሲያገኟት ምን እንደተሰማቸው መገመት አይከብድም። 38 በድን ተሰበሰበ። የላቦራቶሪው ውጤት የእብድ ውሻ በሽታ ሆነ። እስከ ጥር 2004 ድረስ ከሚታወቁት የዌብ ቀበሮዎች 76 በመቶው አልነበሩም። ካለፈው ጊዜ ጋር ሲተያይ ቁጥሩ የተቀዳ ይመስላል።

በዚህኛው ግን አንድ ነገር ተለየ። ዌብ ሸለቆ ደሴት አይደለም። በጠባብ መተላለፊያዎች በኩል ከሞረባዋና ከሳነቴ ቀበሮዎች ጋር ይገናኛል። በሽታው በእነዚያ በኩል ካለፈ የዓለም ቀይ ቀበሮ ትልቁ ክፍል አደጋ ላይ ነው። ስለዚህ «እንከትባቸው» የሚል ሐሳብ መጣ። ዛሬ ሲነገር ቀላል ይመስላል፣ ያኔ ግን አስፈሪ ውሳኔ ነበር። ታንዛኒያ ሴሬንጌቲ ላይ የተከተቡ የዱር ውሾች በ1991 ጠፍተው፣ መያዝና መከተቡ ራሱ ነው ያስጨነቃቸው የሚል ክርክር ዓለምን ለሁለት ከፍሎ ነበር። ከ500 ያልበለጠ እንስሳ ወጥመድ አስገብቶ መርፌ መውጋት፣ አንዱ ቢሞት ማን ይጠየቃል? ደግሞስ የሞተው በመርፌው ነው በበሽታው?

መንግሥት ፈቀደ። ብልሃቱ ሁሉንም ለመከተብ አለመሞከሩ ላይ ነበር። በመተላለፊያዎቹ አካባቢ ያሉትን ቤተሰቦች መረጡ፣ ከ60 በላይ ቀበሮ ይዘው ከተቡና ለቀቁ። እሳት ሲነሳ ጫካውን ሁሉ ውኃ ማጠጣት አይቻልም፤ መሐሉን ትመነጥራለህ። በሽታው አላለፈም። የዚህ ሒሳብ በ2006 ኔቸር መጽሔት ላይ ሲወጣ መልእክቱ እንዲህ ነበር፦ ሁሉንም ወረርሽኝ ለመከላከል ሳይሆን የሚያጠፋውን ትልቁን ለመከላከል ከተፈለገ፣ ከቀበሮው ጥቂቱን መከተብ ይበቃል። ጥሩ ዜና ነው። ጥቂት ሰው፣ ጥቂት ገንዘብ ላለው ሥራ ደግሞ ይበልጥ።

አሁን ቆይቼ አመጣዋለሁ ወዳልኩት ልምጣ። በሽታው ከየት ነው የሚመጣው?

ስሙ ቀበሮ ይባል እንጂ ቀይ ቀበሮ በዘር የሚቀርበው ለተኩላ ነው። የተኩላ ዘመድ ማለት የውሻ ዘመድ ማለት ነው። ዌብ ላይ በ1990ዎቹ ከውሻ ጋር ተዳቅሎ የተወለደ ሁሉ ተገኝቷል። ባሌ ተራራ ላይ ደግሞ እረኛ አለ፤ ጎዳንቱ በሚባለው ባህል ከብቱን እንደ ወቅቱ ወደ ላይ ያወጣል፣ ወደ ታች ያወርዳል። ከብት ባለበት ውሻ አለ። ሌሊት ጅብ ይመጣላ! ነብርም አለ። እረኛውን «ውሻህን ተው» ማለት በሬህን ለጅብ ስጥ ማለት ነው፤ ስለዚህ ውሻው ይውጣ የሚለው ምክር ለእኔ ከወረቀት አያልፍም። ውሻው አይታሰርም፣ ቀን ሜዳውን ይዞራል፣ የሞተ ከብት ይበላል፣ ከቀበሮውም ጋር ይገናኛል።

ሁለቱን አስተያዩአቸው። ቀበሮውንም ውሻውንም ያኖራቸው አንድ ሜዳ ነው፣ የሚገድባቸው ግን አንድ ነገር አይደለም። የቀበሮው ቁጥር የሚወሰነው በፍልፈል ነው። የውሻው ቁጥር የሚወሰነው በሰው ነው። ፍልፈል ቢጠፋ ውሻው ምን ገዶት፤ ፍርፋሪው ከቤት ነው። ቀበሮው አልቆ ቢያድር ውሻው በማግስቱ ይወልዳል። አሁን በሽታውን አስቡት። ቀበሮዎቹ ብቻቸውን ቢሆኑ ኖሮ፣ በየሸለቆው ያሉት ጥቂቶች ከሞቱ ወይም ከተረፉ በኋላ ቫይረሱ የሚይዘው አጥቶ ራሱ ይጠፋ ነበር። ጥቂት ስለሆኑ ሊያቆዩት አይችሉም። ውሾቹ ግን ብዙ ናቸው፣ ዕድሜያቸው አጭር ነው፣ በየዓመቱ ያልተከተበ ቡችላ ይፈለፈላል፣ ከቆላ አዲስ ውሻ ከብት ተከትሎ ይመጣል። በሽታው ቀበሮውን ጨርሶ እዚያ ይጠብቃል። ቀበሮው ሲያገግም ተመልሶ ይወጣል።

አንድ እንስሳ የሚበላውን ራሱ ጨርሶ ሲያልቅ ምግቡ ይገድበዋል። እዚህ የሚገድበው የሌላ እንስሳ ብዛት ነው፣ ያም እንስሳ የሚበዛው ሦስተኛ ወገን ስለሚቀልበው ነው። ሦስተኛው ወገን እኛ ነን፣ በቂጣ ቁራሽ።

በ2008 እና 2009 የእብድ ውሻ በሽታ ተመለሰ። ዌብ ገና ከዚያ ሳያገግም በ2010 ሌላ ገባ፣ ዲስቴምፐር። ይሄም የውሻ በሽታ ነው፣ ከኩፍኝ ቫይረስ ጋር ዘመዳም ነው። በ2005 እና 2006ም ባሌ ላይ ታይቷል። በገባባቸው አካባቢዎች ከጎልማሶቹና ከወጣቶቹ ከ43 እስከ 68 በመቶ ገድሏል። በ2014 እብደቱ ደግሞ ተመለሰ። በ2015 ዲስቴምፐሩ ደግሞ።

ዓመቶቹን አስቀምጡና እዩአቸው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወረርሽኞች መሐል 11 ዓመት ያህል ነበር፤ ሸለቆው ወድቆ፣ ተኝቶ፣ ተነስቶ፣ ሞልቶ ነበር። ከ2008 ወዲያ ግን ክፍተቱ ጠበበ። የሟቹን መቶኛ ብቻ የሚያይ ሰው «76 በመቶ ሞቶም ተርፏል እኮ» ሊል ይችላል። እኔ ከመቶኛው ይልቅ ክፍተቱ ነው የሚያስፈራኝ። ቤተሰብ ለማቆም የሚፈጀው ዓመት ከበሽታው መመለሻ ሲበልጥ፣ ሁለተኛው በትር የሚያርፈው ቤት የሠራ ላይ ሳይሆን ቤት እየሠራ ያለ ላይ ነው። ያን ጊዜ ጣሪያው ስንት ነው የሚለው ጥያቄ ትርጉም ያጣል፤ ፍልፈሉ ለሁሉ ይበቃል፣ እሱን የሚበላው ቀበሮ ነው የጠፋው።

ሰሜን ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ባሌ ትልቅ ነው፤ ዌብ ሲራቆት ከሞረባዋ ሴት ልትመጣ ትችላለች። ሰሜን ላይ ያሉት፣ ስሜን፣ ወሎ፣ መንዝ፣ እያንዳንዳቸው በገብስ ማሳ የተከበቡ ደሴቶች ናቸው። ደሴቱ ላይ 20 ወይም 30 ቀበሮ ቢኖርና 76 በመቶው ቢሞት ከሌላ የሚመጣ የለም። መሬቱ ታረሰ ማለት የቀበሮው ቤት ብቻ አልጠበበም፤ የጎረቤቱ መንገድም ተዘጋ። መንዝ ጓሳ እስከ ዛሬ ያቆየው ሕዝቡ ራሱ ነው፤ ቄሮ በሚባለው የቆየ ሥርዓት ጓሳውን ለዓመታት ዘግቶ፣ ሣሩ ሲደርስ ከፍቶ ነው የሚጠቀምበት። ለቤት ክዳን ብሎ የጠበቀው ሣር ለአይጡም ለቀበሮውም ተረፈ።

ውሾቹን መከተብ ባሌ ላይ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሲሠራ ኖሯል፤ በየዓመቱ ሺዎች ይከተባሉ። አይበቃም፣ ግን ባይሠራ የሚሆነውን ማሰብ አልፈልግም። ለእረኛውም ጥቅም አለው፤ ያበደ ውሻ ልጁንም ከብቱንም ይነክሳል። ሥራው ተቀባይነት ያገኘው በዚህ ይመስለኛል። «ቀበሮውን አድንልኝ» ብትለው ትከሻውን ሊነቀንቅ ይችላል፤ «ውሻህ እንዳያብድ» ስትለው ግን ውሻውን ጎትቶ ያመጣል።

በ2018 ነሐሴ ላይ አካሄዱ ተቀየረ። ወጥመድና መርፌ ቀርቶ ቀበሮው ክትባቱን ራሱ እንዲበላ ተደረገ። የተለያየ ማባበያ ቀርቦለት ከሁሉ የወደደው የፍየል ሥጋ ሆነ፤ በዚህ እንኳን ሐበሻ መሆኑ ያስታውቃል። ክትባቱ ፈሳሽ ነው፣ በትንሽ እሽግ ተደርጎ ሥጋው መሐል ይደበቃል። ሲነክሰው እሽጉ ይቀደድና ፈሳሹ አፉ ውስጥ ይፈሳል። ሥጋው ሳይታኘክ ቢዋጥ ዋጋ የለውም፣ ስለዚህ ሥጋው ሲቆረጥ መጠኑ ራሱ ታስቦበት ነው። ይሄ ክትባት ለእብደቱ እንጂ ለዲስቴምፐሩ አይሆንም፤ ግማሽ መፍትሔ ነው፣ ግን ቀበሮውን ሳይነኩት።

የሚሰጠው በሌሊት ነው። ብርዱ አጥንት ድረስ ሲገባ፣ የአካባቢው ልጆች ባትሪ ይዘው አንድ ቤተሰብ የሚያድርበት አካባቢ ይሄዳሉ፣ ሥጋውን ይጥላሉ፣ ራቅ ብለው ይጠብቃሉ። በጨለማው ሁለት ዓይን ያበራል። ይቀርባል፣ ያሸታል፣ ያነሳል። ያኔ አንዱ ማስታወሻውን አውጥቶ በደነዘዘ ጣት ይጽፋል፦ የትኛው ቤተሰብ፣ የትኛው ቀበሮ፣ ነከሰው ወይስ ዋጠው።